ቅጠሉ ሲደርስ

(ጥር መጨረሻ፣ ረፋድ ላይ። በአንድ የጎጃም መንደር፣ የመስኖው ውሃ ከወንዙ በሚጠለፍበት በር አጠገብ። የመስኖ ማኅበሩ ባለሙያ አትጠገብ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ አባት ሆነው ተራ ሲያከፋፍሉ ከኖሩት ከአያ ደምለው ጋር ተፋጣለች።)

አትጠገብ፦ የበሩን ቁልፍ ይስጡኝ፣ አያ ደምለው። ሰዉ ቀበሌው ግቢ ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው።

ደምለው፦ ይጠብቃ። ውሃም ተራ ይጠብቃል።

አትጠገብ፦ በፀሐይ ኃይል ራሱ የሚከፍት የሚዘጋውን አዲሱን በር ዛሬ ካልተረከብን፣ ወረዳዎቹ ነቅለው ለማዶ መንደር ይሰጡታል። ደብዳቤያቸውን አንብቤልዎታለሁ።

ደምለው፦ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደነዘዘም። እኔ ያልኩት ለማያፍር ነገር ቁልፍ አልሰጥም ነው።

አትጠገብ፦ ብረት ምን ብሎ ይፈር?

ደምለው፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ። እኔ ተራ ባጓድል፣ ቦዩ ጭራ ላይ ያለችው ሙጬ እሑድ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ይዛ አንገቴን ታስደፋኛለች። ይኼ ሲያጓድል ማንን ትይዛለች?

አትጠገብ፦ አያጓድልማ። ለሁሉም ሦስት ሰዓት፣ እኩል። ተራው ሲደርስ በየሰዉ ስልክ መልእክት ይልካል፤ ሰው ሥራውን ፈትቶ ቦይ ለቦይ ሲንከራተት አይውልም። ማሳው ሁሉ አንድ ላይ ከደረሰ ደግሞ ነጋዴው መኪናውን እዚህ ድረስ ያመጣል። ሽንኩርት በአህያ ጭኖ ገበያ ላይ ግዙኝ ብሎ መለመን ይቀራል።

ደምለው፦ ደመና የሆነ ቀንስ?

አትጠገብ፦ ባትሪ አለው። ሰበብ አይፈልጉ፣ አያ። አምና ውሃ አጥሮብን ስንት ሰው ለቀን ሥራ መተማ እንደወረደ ረሱት?

ደምለው፦ አንዱ የወንድሜ ልጅ ነው። አልረሳሁም።

አትጠገብ፦ ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?

ደምለው፦ በሩ ሦስት ሳምንት ተሞከረ። በየማለዳው በዚህ ቁልፍ የከፈትኩለት እኔው ነኝ። እስቲ አሁን የሙጬን ሽንኩርት ሄደሽ እይው።

አትጠገብ፦ አይቼዋለሁ፤ ቢጫ ሆኗል። እስካሁን ያላነሣሁት ለእርስዎ ክብር ብዬ ነበር።

ደምለው፦ ለእኔ ክብር?

አትጠገብ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እንግዲህ ከሥሩ እንነጋገር። በሩ ራሱ የያዘው መዝገብ ለሙጬ በየተራዋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃ እንደተለቀቀ ያሳያል። ማሳዋ ግን አልጠጣም። መሐል ላይ ቦዩን ሰብሮ የሚወስድ ሰው አለ ማለት ነው።

ደምለው፦ የተሰበረ ቦታ አገኛችሁ?

አትጠገብ፦ አላገኘንም። መልሶ ደፍኖት ነው ይላሉ።

ደምለው፦ ማን ነው አሉ?

አትጠገብ፦ በተራዋ ቀን ማለዳ ማለዳ፣ ቦዩን ዳር ዳሩን ይዘው ጎንበስ እያሉ ሲሄዱ የታዩት እርስዎ ነዎት።

ደምለው፦ እኔ?

አትጠገብ፦ ማሽኑ እንዳይወደድ ብለው ነው አሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ነው። የዛሬው ስብሰባም ለቁልፉ ብቻ አይደለም፣ አያ። ሊሽሩዎት ነው። በሌባ ስም።

ደምለው፦ አንቺስ? አንቺም እንደዚያ አልሽ?

አትጠገብ፦ እኔ የመዝገቡን ወረቀት ብቻ ነው የሰጠኋቸው።

ደምለው፦ ወረቀቱን ብቻ። እናትሽ የታመመች ዓመት ማሳዋን ያጠጣሁላት በእነዚህ እጆች ነው። አዝኜብሻለሁ፣ ልጄ።

አትጠገብ፦ እኔስ ደስ ብሎኝ ነው? ጎንበስ ብለው ምን ሲያደርጉ ነበር? ይንገሩኝና ልመንዎት።

ደምለው፦ ቅጠል ስከተል።

አትጠገብ፦ የምን ቅጠል?

ደምለው፦ የዋንዛ ቅጠል። ውሃ ስለቅ ቅጠል እጥልበታለሁ፤ አብሬው እሄዳለሁ። የሰውየው ተራ የሚቆጠረው ቅጠሉ ማሳው አፍ ሲደርስ ነው። አባቴም የሚያከፋፍለው እንዲሁ ነበር። ያንቺ በር ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው?

አትጠገብ፦ ከዚህ። በሩ ከተከፈተበት ጊዜ።

ደምለው፦ የደረቀ ቦይ መጀመሪያ ራሱ ነው የሚጠጣው። በሩ ሥር ያለው ሰው ወዲያው ያገኛል። ሙጬ ጋ ለመድረስ ግን ቅጠሉ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። የልጄን የእጅ ሰዓት ተውሼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለካሁት።

አትጠገብ፦ ሦስት ሰዓት ሰጠኋት እያልኩ… ሁለትም አልሞላላት። ጭራ ላይ ያሉት ሁሉ እንደዚህ ናቸው?

ደምለው፦ አምስቱም ማሳ።

አትጠገብ፦ ይኼን እያወቁ ዝም አሉ? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ደምለው፦ ዝም አይነቅዝም።

አትጠገብ፦ ሽንኩርቱ ግን ደረቀ።

ደምለው፦ ከአምስቱ የመጨረሻው ማሳ የማን ነው?

አትጠገብ፦ የእርስዎ።

ደምለው፦ የውሃ አባት መጨረሻ ይጠጣል። ወጋችን ነው። ስመረጥ ደህናውን ማሳዬን ለውጬ ጭራ የገባሁት ለዚህ ነው። አሁን ውሃ አነሰን ብል፣ ለራሱ አለቀሰ እባላለሁ። አፈርኩ፤ እውነቱ ይኼው ነው።

አትጠገብ፦ የመንገዱን ጊዜ ለየማሳው መጨመር ይቻላል። በስልክ ነው የሚስተካከለው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ነገር ግን ቅጠሉ አርባ ሦስቱ ማሳ ጋ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለም።

ደምለው፦ ስብሰባው ላይስ ምን ልትይ ነው?

አትጠገብ፦ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለኋ።

ደምለው፦ እንደዚያ ካልሽ ማሽኑን ያባርሩታል። ቀድሞም የጠሉት አሉ፤ ምክንያት ነው ያጡት። ተዪው፤ አንቺ ጊዜውን በጎን አስተካክዪው፣ እኔን ይሻሩኝ። ሰባ ዓመቴ ነው። ሌባ ብለው ቢቀብሩኝም ሽንኩርቱ ይደርሳል።

አትጠገብ፦ አይሆንም።

ደምለው፦ አስቢበት። እንጀራሽ ነው።

አትጠገብ፦ አይሆንም አልኩ። ሰዉን ከቀበሌው አስነስቼ እዚህ አመጣዋለሁ። እርስዎ በሁሉም ፊት ቅጠሉን ይጥላሉ፤ እኔ ስልኬን ይዤ እስከ ሙጬ ማሳ እከተለዋለሁ። እዚያ ስደርስ ስንት እንዳጎደልኩባት ለራሷ እነግራታለሁ። ከፈለገች እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ትያዘኝ።

ደምለው፦ ሙጬን አታውቂያትም። አንገትሽን ነው የምታስደፋሽ።

አትጠገብ፦ እደፋለሁ።

ደምለው፦ እንግዲያ እንኪ ቁልፉን። የሚያፍርለት ሰው ካገኘ፣ ብረቱም ይክፈት።