የመገናኛ ትምህርት ቤቱ «ላጲስ»

ከየቤታችሁ ተነሥታችሁ እዚህ የደረሳችሁ ወዳጆችና ጎረቤቶች፣ ከኋላ በሰልፍ የቆማችሁ የቀድሞ የመገናኛ ሠራዊት አባላትም ጭምር፤ ይህን ታሪክ የሚያነብላችሁ የሟቹ የእህታቸው ልጅ ሲሆን፣ እንዲያነብ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው። በቀብር ላይ የሚነበብ ታሪክ ሁሉ ሟቹን ደግ፣ ጀግናና እንከን የለሽ ማድረጉ ያስቃቸው ስለነበር፣ «የኔን ስታነብ ፈሪ ነበር በል፤ ካላልክ ከሣጥኑ ተነሥቼ አስተካክልሃለሁ» ብለው አስጠንቅቀዋልና፣ ትእዛዛቸውን አክብረን ከፍርሃታቸው እንጀምራለን።

ሟቹ ሻምበል የተወለዱት ከስልክ መስመር ጠጋኝ አባታቸውና ልብስ በመስፋት ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው ነው። አባታቸው ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ አስረው፣ ጫማቸው ላይ የብረት ጥርስ አጥልቀው ምሰሶ ሲወጡ፣ ትንሹ ልጅ ከሥር ቆመው ማየቱን ስለማይችሉት ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ያዳምጡ ነበር፤ ብረቱ እንጨቱን ሲነክስ ከተሰማ አባት አሉ፣ ዝም ካለ ግን «አባዬ!» ብለው ይጣራሉ። የሰፈር ልጆች «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ቢያሾፉባቸውም፣ እሳቸው በኋላ ዘመናቸው ሲያወሩ ጆሯቸውን የከፈተላቸው ያ ፍርሃት እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ የጦር ሠራዊቱ አዲስ ላቋቋመው የመገናኛ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ወጣቶች ሲመለመሉ፣ ጠመንጃ ከመሸከም ማዳመጫ መሸከም ይቀላል በሚል የዋህ ስሌት ተመዝግበው የመጀመሪያው ዙር ሠልጣኝ ሆኑ። ከዚያ በፊት ተራራ ማዶ ያለው ጦር ምን እንደገጠመው አዛዡ የሚያውቀው በባንዲራ ምልክት፣ አለዚያም መልእክተኛው በሕይወት ከደረሰ ብቻ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ብዙ ሰው በከንቱ ካለቀ በኋላ ነው። ክፍሉ የድሮ የእህል መጋዘን ሲሆን፣ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ፊደልን በምት የሚልኩ የሞርስ መምቻዎች በመደዳ ተደርድረው፣ ከግድግዳው ሥር አይጦች እንደ ልባቸው እየተመላለሱ፣ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህሩ የሚመቱት አጭርና ረጅም ምት ጨርሶ አይሰማም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ዝናብ በመጣ ቁጥር ትምህርት ይቋረጥ የነበረ ቢሆንም፣ የትምህርት ቤቱ አዛዥ «ጦርነት ከቆርቆሮ ይበልጥ ይጮኻል» ብለው በዝናቡ ውስጥ እንዲያዳምጡ በማዘዛቸው፣ ከዚያ ወዲህ የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ በጫጫታ መካከል በመስማት የታወቀ ሆነ።

በዚህ ሙያ «እጅ» የሚባል ነገር አለ። እናት በሩ ሳይከፈት የመጣው የትኛው ልጇ እንደሆነ በኮቴው እንደምትለይ፣ የለመደ ጆሮም መልእክት የሚልከው ማን እንደሆነ ከአመታቱ ያውቃል፤ አንዱ ያጣድፋል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ መጨረሻውን ይጎትታል። ሻምበል ያኔ ገና ሃምሳ አለቃ ሳሉ ከአልጋ ጎረቤታቸው ጋር ወደ ድንበር ሲመደቡ፣ ጓደኛቸው እንደ ዘፈን የሚያምር እጅ ስለነበራቸው ሁሉም ያደንቃቸው ነበር፤ ከሚያደንቋቸው መካከል ግን በወዲያኛው ወገን ማዳመጫ ያጠለቁ የጠላት ሰዎችም ይገኙ ነበር። ጦሩ በስውር ቦታ ቀይሮ፣ ስሙንም ምስጢር መጻፊያውንም ለውጦ በሰፈረ ማግስት ያ የሚያምር እጅ ከአዲሱ ቦታ ሲሰማ፣ ጠላት የትኛው ጦር የት እንዳለ ሳይቸገር አወቀና በከባድ መሣሪያ ደበደበው። ሻምበል ያን ቀን በሌላ ጣቢያ ሆነው የጓደኛቸው ምት በቃል መካከል ሲቆረጥ በጆሯቸው ሰሙ።

መምህር ሆነው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለሱ፣ ከሳቸው ክፍል የሚወጣ ሠልጣኝ ሁሉ ማንንም የማይመስል፣ ሁሉንም የሚመስል እጅ ይዞ እንዲወጣ ምለው ተነሡ። ሕጋቸውም አንድ ነበር፤ የራሱን ምልክት ያሳየ እጅ የላከው መልእክት አይመዘገብም። ሠልጣኙ ትንሽ ካጣደፈ ወይም ከጎተተ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ክፍሉ በሙሉ እርሳሱን ያስቀምጣል፣ መልእክቱም እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ላኪው ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ደጋግሞ ይመታል እንጂ ምሕረት የለም። በዚህ ምክንያት «ላጲስ» የሚል ስም ወጣላቸው፣ እሳቸውም ስሙን እንዳልሰሙ ሆነው ዓመታት አሳለፉ፤ ያን ሁሉ ሰው የሚሰማ ጆሮ ይህን አለመስማቱን ማንም አላመነም።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚያው ግቢ ነው፤ የስልክ ማዞሪያ ክፍል መምህርት ነበሩ፣ ሳቃቸውም ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር። በሠርጋቸው ዕለት አንድ ባልደረባ ተነሥተው ይህች ሴት ጠፍታ ታልቃለች ብለው ሲቀልዱ፣ ሙሽራዋ «እኔንማ ሲፈትግ ራሱ ያልቃል እንጂ!» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል። ከትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ወንድ ልጃቸው አድጎ ወደ ትምህርት ቤቱ ልግባ ሲል ግን ሻምበል በግልጽ ፈሩ። አትግባ ማለቱን ስላፈሩበት የመግቢያውን የጆሮ ፈተና ራሳቸው ፈትነው ጣሉት፤ ሁለተኛው ፈታኝ መዝነው አሳለፉትና «የሰው ልጅ ቢሆን አዝለኸው ትገባ ነበር» ብለው ተቆጧቸው። ልጁ ጥሩ ጆሮ ነበረው፣ ነገር ግን የመጨረሻዋን ረጅም ምት መጎተት ይወድ ነበር፤ እናቱ «ልጄ መሰናበት ስለማይወድ ነው» ብለው ቢያባብሉለትም አባቱ ከሌሎቹ ይልቅ በሱ ላይ ጨክነው፣ ክፍሉም ስንት ጊዜ እርሳሱን አስቀምጦ፣ በመጨረሻ ያቺን ጉተታ አጠፉለት። በምረቃው ዕለት የሱም እጅ እንደ ሁሉም ሆነ፣ አባትም ደረታቸውን ነፍተው እጁን ጨበጡት።

ጦርነቱ ሲነሣ ልጁ ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ እሱም የሻምበል ተማሪ ነው፣ ሸለቆ አናት ላይ ባለ የኮረብታ ጣቢያ ተመደበ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሻምበል እህል ከአፋቸው አልስማማ ብሎ፣ በር በኃይል ሲዘጋ እየበረገጉ፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ የማዳመጫ ክፍል ገብተው የኮረብታውን ጣቢያ ምት ይጠብቁ ነበር፤ ምቱ ንጹሕ ነበር፣ ግን ከሁለቱ ልጆች የቱ እንደሚልክ መለየት አልቻሉም፤ የልጃቸውን እጅ ያጠፉት እሳቸው ነበሩና። ከዚያ ኮረብታው ተከበበ ተባለ፣ ጣቢያውም ጸጥ አለ። ባለቤታቸው ማዞሪያው ላይ የተቀመጡ ሴቶችን እየደወሉ ሲጠይቁ፣ ሻምበል መልሱን እንዳይሰሙ ከቤት ወጥተው ደጅ ይቆሙ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በትክክለኛ መጠሪያውና በትክክለኛ ምስጢር መጻፊያው ድንገት ተመለሰ፤ ኮረብታው አሁንም በወገን እጅ ነው፣ ጥይት እያለቀ ስለሆነ ደራሽ ጦር በሸለቆው መንገድ በቶሎ ይላክ የሚል መልእክት ነበረው። ጦሩ መኪና ላይ ተሳፍሮ ትእዛዝ ሲጠብቅ፣ የመምሪያው አዛዥ ግን ተጠራጥረው ሻምበልን አስጠሩ። ሻምበል ማዳመጫውን አጥልቀው እርሳሳቸውን አነሡ። ያዳመጡት የትምህርት ቤቱን ንጹሕ እጅ ብቻ ነበር፤ የልጃቸው፣ የጓደኛው፣ ወይም በምርኮ የተያዘ የማናቸውም ተማሪያቸው ሊሆን ይችላል። መልእክቱ እንዲደገም በገዛ እጃቸው መትተው አዘዙ።

ሲደገም የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻ ምት ተጎተተ። የሁለተኛውም፣ የሦስተኛውም። ልጃቸው በሕይወት አለ! ሻምበል ለአንዲት አፍታ ፊታቸው በራ፣ ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸው፤ ያ ልጅ ከተመረቀ ወዲህ አንዲት ምት ጎትቶ አያውቅም፣ የራሱን ምልክት ያሳየ እጅ የላከው መልእክት አይመዘገብም በሚለው ሕግም ከሱ በላይ የተቀጣ ሰው የለም። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አዛዡ «የልጅዎ ነው?» ሲሏቸው «የልጄ ነው» አሉ። «እንግዲያ ጦሩ ይሂድ?» ሲባሉም «አይሂድ፤ ልጄ አትቀበሉኝ እያለ ነው» ብለው መለሱ።

ጦሩ አልሄደም። በኋላ የተላኩ ቃኚዎች ሸለቆው ግራና ቀኙ በመትረየስ ታጥሮ እንደነበረ አረጋገጡ፤ ዛሬ ሣጥኑን ተሸክመው ያመጡት ሽማግሌዎችም ያን ቀን መኪና ላይ ተሳፍረው ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ሻምበል ተሸለሙ፣ ማዕረጋቸውም ያኔ አደገ፣ ነገር ግን ሰው ሊያመሰግናቸው ሲመጣ በጓሮ በር ይወጡ ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠበቀው ጦር ሳይመጣ ሲቀር፣ ጠላት ከመምቻው ፊት ወደተቀመጠው ልጅ እንዴት አድርጎ እንደዞረ ማሰብ አላቋረጡም። የምርኮኞች ልውውጥ ሲደረግ ከባለቤታቸው ጋር ሄደው፣ ከየመኪናው የሚወርደውን ፊት ሁሉ አዩ። የልጃቸው ጓደኛ ጣቢያው በተያዘበት ዕለት መሞቱን የሚመሰክር ተገኘ፤ ስለ ልጃቸው ግን ሞቷልም አለም የሚል ሰው አልተገኘም።

ትምህርት ቤቱም ዘመን ተለውጦ የሞርስ መምቻዎቹን አንሥቶ በቦታቸው ኮምፒውተር ሲተክል፣ ሻምበል አዲሶቹን መምህራን በሚችሉት ሁሉ ረድተው ጡረታ ወጡ። በስተርጅና ጆሯቸው ደከመ፣ በምትኩም የማያቋርጥ ጩኸት ያዛቸው፤ በጩኸቱ መካከል የተጎተተ ምት የሚሰሙ እየመሰላቸው ወሬ አቋርጠው ጆሯቸውን ሲያቀኑ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው አብረዋቸው ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻም ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ሻምበል የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድ ልጃቸውንም እዚሁ፣ ከቀሪዎቹ ጋር እንድንጠራው አዘዋል፤ ቀድመዋቸው ከሄዱት ጋር እንዳንጠራው አጥብቀው ለምነዋል። ስሙ ሲጠራ ድንገት ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ቢሆን፣ አለዚያም ወሬው ዞሮ ዞሮ ካለበት ቢደርሰው፣ አባቱ በሕይወታቸው ሊነግሩት ያልታደሉትን እንድናደርስላቸው አደራ ብለዋል፤ ወንድም ዓለም፣ የላክኸው ደርሷቸዋል።

ፈጣሪ የሻምበልን ነፍስ ምንም ከማያስፈራበት ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።