የአያ ዳኛው ጽድቅና የነዳያን እራት

በሐምሌ ዝናብ እርጥብ እንጨት በደረቅ ዋጋ የሚገዛ ሰው ጎንደር ላይ ቢፈለግ አያ ዳኛው ይገኙ ነበር። ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በአንድ ቤት ሰብስቦ የሚያበላ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ያን ዕለት ከእንጨት ነጋዴው ጋር ሲጨቃጨቁ የክርስትና ልጃቸው ትዕግስት ከባጃጅ ወረደችና ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ትዕግስት ስለ ኤሌክትሪክ ተምራ ኮሌጅ የምታስተምር ልጅ ናት።

«ምነው አያ፥ በዚህ ዝናብ? የኤሌክትሪኩ ምድጃ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው፤ ጨርቅ አልብሰን አስቀምጠነዋል። የመብራቱ ሒሳብ ወገባችንን ሰበረው፤ እንጨቱም ይኸው፥ ጭስ ብቻ። ከሰኞ ጀምሮ እራት ይቅርና ምሳ ብቻ እናብላቸው ብለናል።»

«መንግሥት ለበጎ አድራጎት ቤቶችና ለትንንሽ ነጋዴዎች የመብራቱን ግማሽ እደግፋለሁ ብሎ የለም? ጎረቤታችሁ ዳቦ ጋጋሪው ምንይችል እንኳ አመልክቶ ተፈቅዶለታል።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ምንይችል ነጋዴ ነው፥ ይረዳ። እኛ ግን የምናበላው ለነፍሳችን ነው። ግማሹን መንግሥት ከከፈለ የጽድቁም ግማሽ የእሱ ሊሆን አይደል? ዕድሜ ልኬን የቋጠርሁትን ስንቅ ለቢሮ ላካፍል?»

ትዕግስት ሳቋን ዋጥ አደረገች። ነፍሱን በሚያስብ ሰው አይሳቅም።

«አያ፥ ለሚካኤል ጧፍ ሲያስገቡ ሰሙን ማን ሠራው?»

«ንብ ናታ!»

«ታዲያ ጽድቁን ንቧ ወሰደችው?»

«አይ አንቺ! ንብና መንግሥት አንድ ናቸው? ንብ ማር ትሰጣለች፤ መንግሥት ግብር መቀበል እንጂ ማር መስጠት መቼ ለመደ?»

«ማሩማ ከእርስዎው ቀፎ ነው። ስለ ወፍጮ ቤትዎ በየዓመቱ ግብር ይከፍሉ የለም? ያው ነው ዞሮ የሚመጣው። አለመጠየቅ የራስን ማር ቀፎ ውስጥ ትቶ መራብ ነው።»

አያ ዳኛው ጢማቸውን ዳበሱ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን በልጅ መረታት ለሽማግሌ ከባድ ነው። «እስቲ መጀመሪያ እንጨቱን እናድርስ» አሉ።

በአረጋውያኑ ቤት ደጃፍ እትዬ የትነበርሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከዛሪማ የመጡ፥ ልጆቻቸውን የቀበሩ፥ አንደበታቸው ግን ያላረጀ ሴት ናቸው። ትዕግስት ክርክሩን አንድም ሳታስቀር አጫወተቻቸው።

«እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ!» አሉ እትዬ የትነበርሽ። «እኔ እራት የሚቀረው እህል ቢጠፋ ነው ብዬ አዝኜልዎ ነበር። ለካ የእርስዎ ጽድቅ እንዳይጎድል እኔ ጦሜን ላድር ኖሯል! አያ ዳኛው፥ እኔስ ጽድቁ ቀርቶብኝ እራቴን በቅጡ በበላሁ።»

አያ ዳኛው ክው አሉ። እንጨቱን ከትከሻቸው ማውረድ እንኳ ረሱ።

«እግዚኦ! የነፍሴን ስንቅ ስቋጥር የእርስዎን ሆድ ረሳሁት። ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

በማግስቱ ማኅበርተኞቹን ሰብስበው ራሳቸው ለማመልከት ሄዱ። መልሱ እስኪመጣም አዋጥተው እራቱን አላቋረጡም። መስከረም ሲጠባ ድጋፉ ተፈቀደና ምድጃው ከጨርቁ ወጣ። የወጥ ሠሪዋ ዓይን ከጭስ ዐረፈ፤ በእንጨቱ ገንዘብ ብርድ ልብስ ተገዛ። ወጪው የቀለለለት ምንይችልም ማታ ማታ ዳቦ ይልክ ጀመር። ደግ ሰው ብቻውን ልሸከም ሲል የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም፤ የተሸከመውም አብሮ ይወድቃል።

ከጨርቁ በወጣው ምድጃ የተሠራው የመጀመሪያው ሾርባ ሲቀርብ አያ ዳኛው ለእትዬ የትነበርሽ በእጃቸው ሰጧቸውና፥ «እንግዲህ ይመርቁኝ» አሉ።

«ቆይ ልብላ» አሉ እትዬ። «የተራበ ሰው ምርቃቱ አጭር ነው።»

በልተው ጠገቡ፤ አፋቸውንም በጋቢያቸው ጠርገው መመረቅ ጀመሩ። ምርቃቱ ረዘመ፤ አያ ዳኛውም እስኪያበቃ ድረስ ቆመው «አሜን» ይሉ ነበር።