ቅጠሉ የተመለጠው ሳጎ

ሰፈሩ ሁሉ «ቴቴ»፣ አያት፣ የሚላቸው ኤሊፋስ ወደ ላይ ለመውጣት እንዲመቻቸው ከሳጎው ዘንባባ ግንድ ላይ የተጠመጠመውን ሐረግ ይገፍፉ ነበር። የረግረጉ ጭጋግ ገና አልተነሣም፤ ረጃጅሞቹ ቅጠሎች በውስጡ ቀስ ብለው ሲወዛወዙ ከባሕር በታች ያሉ ይመስላሉ።

በአምቦን ከተማ የምትማረውና ለዕረፍት የመጣችው የልጅ ልጃቸው ዶርሲ ታንኳዋን እየቀዘፈች ስታልፍ አየቻቸው።

«ቴቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ዛፍ ሊወጡ ነው?»

«ጣራው ያፈሳል፣ ኖና ልጄ። ቅጠሉን ሁሉ አውርጄ ክዳን ልሰፋ ነው።»

«ሁሉንም? ባሕሩ ተቆጥቶ ዓሣ ሲጠፋ የምንበላው ይህን ዛፍ አይደል?»

«የምንበላው ግንዱን ነው። ቅጠል ፀጉር ነው፤ ስለ ተላጨ የከሳ ሰው አይተሻል?»

«ታዲያ ዱቄቱ ግንዱ ውስጥ ከየት ገባ?»

«ከጭቃው ነዋ። ሥሩ ይጠባዋል።»

ዶርሲ ታንኳዋን አስራ ወረደች። «ሥሩ የሚያመጣው ውኃና ጥቂት ማዕድን ነው። ምግቡ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። እኛ ተንፍሰን የምናወጣውን አየር ቅጠሉ ይስባል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውኃው ጋር አዋህዶ ስኳር ያደርገዋል። ስኳሩ ወደ ግንዱ ወርዶ ዱቄት ሆኖ ይጠራቀማል። የፓፔዳ ገንፎ ስንበላ ያለፉትን ዓመታት ፀሐይ መብላታችን ነው።»

«እሳት የሌለው ማድቤት በይኛ።»

«እሳቱማ ፀሐይዋ ናት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ቅጠሎቹን አዩ። ነገሩ ጥሟቸዋል፤ ግን ያማረ ወሬ ሁሉ እውነት አለመሆኑን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ያኛውን ዛፍ ይዩት» አለች ዶርሲ። «ከአንድ እናት የበቀለ የዚህ እኩያ ነው፤ አምና እርስዎ ለማድቤቱ ክዳን ብለው ቅጠሉን መልጠውታል። ሁለቱንም እንሞክራቸው።»

ቴቴ ሁለቱንም ግንዶች በመጥረቢያ ትንሽ ትንሽ ፈለፈሉ፤ ሳጎ መድረሱ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ከተመለጠው ዛፍ ውስጥ የወጣውን ለስላሳ እንጨት በውኃ አርሰው ሲጨምቁት ቀጭን ውኃ በጣቶቻቸው መሃል ወረደ፤ መዳፋቸው ላይ ቃጫ ብቻ ቀረ። የሌላው ግን እንደ ወተት ነጣ። መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ የስንትና ስንት ማለዳ ፀሐይ እዚያ ላይ ተኝቶ ነበር።

«እኔ ደግሞ ያንን የተመለጠ ዛፍ ጭቃው ምግብ ነሳው እያልኩ የጭቃውን ስም ሳጠፋ ከረምኩ» አሉ በመጨረሻ። «ጣራውስ? በዝናብ እንደር?»

«ከየዛፉ ያረጁትን የታችኞቹን ሁለት ሁለት እንውሰድ፤ የላዮቹ ይሥሩ። ክዳኑ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ጣራም ምግብም ይኖረናል። ጎረቤቶቻችንም እንዲህ ቢያደርጉ ረግረጉ ሁሉ ጎተራ ይሆናል።»

«አያትሽ ጣራው ዘገየ ብላ ስትጮህ መልሱ ያንቺ ነው።»

«ይሁን፣ የእኔ ነው።»

ቴቴ ጎንበስ ብለው እፍኝ ጭቃ አነሡ፤ ቅጠሉ ያልተመለጠውን ዛፍ ቁስል ደፍነው በአውራ ጣታቸው አለሰለሱት። ከላይ ቅጠሎቹ ያለ ድምፅ ይሠራሉ። መጥረቢያውን አጥበው ታንኳው ውስጥ አጋደሙት።