ለእንሰታችን የቆመልን ሰው

ነይ ሙሉመቤት፣ እዚህ ጥላው ጋ ተቀመጪ። ረሻድ ሱቁ በረንዳ ላይ አግዳሚ ያኖረው እንደኔ እግሯ ለደከመ አሮጊት ነው፤ ነይ፣ ላንቺም ይበቃል። ጨውሽን ገዛሽ? ደግ። ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? ባለፈው የዳምቦያ ገበያተኞች ጭቃውን እስከ ጉልበታቸው ለብሰው ሲመጡ አይቼ፣ ‘እነዚያ አዲስ መጤ መምህርና ሚስቱ ምን ይሉን ይሆን?’ ብዬ አሰብኩ። ባልሽ ተማሪዎቹን ለመደ? ይለምዳል። ይህች ከተማ መጀመሪያ ታስለቅሳለች፣ ኋላ ታስቃለች፤ ዋናው እስከዚያ መቆየት ነው።

እዚያ ጥግ ጋዜጣ የሚያነቡትን ሰው እጅ ነሳሻቸው? ... ግድ የለም፣ አትነሺ፤ ንባብ ላይ ናቸው። ጋዜጣው ያለፈው ወር ነው፣ ግን ለሚያነብ ሰው ምን ልዩነት አለው? ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ ልጄ? እኛ የምናወራው ስለ እንሰት ነው። የእንሰት ወሬ ደግሞ ለማን ነውር ሆኖ ያውቃል?

ቅድም ስትመጪ ‘ምነው በዚህ አገር መንገድ ዳር ሳይቀር እንሰት!’ ብለሽ ስትገረሚ ሰምቼሻለሁ። እውነትሽን ነው። ግን ይህ እንሰት ዛሬ ቆሞ የምታይው በአንድ ሰው ውለታ ነው። እንዲያ ነው የሚባለው። ማን ይላል ትዪኝ እንደሆነ፣ ሰውየው ራሱ ይላል። ከሱ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና መስቀል ካለፈ በኋላ የአውራጃው ገዥ ከሆሳዕና ተነሥተው ከተማችንን ሊጎበኙ ነው ተባለ። የዚያን ጊዜው ሹማችን ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። አሁን ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ የዚያን አገር ሰው እግዜር ያጽናው። በገበያ ቀን ጥሩንባ አስነፍቶ አዋጅ አስነገረ። ከመንገድ የሚታይ እንሰት ሁሉ ገዥው ሳይመጡ ይቆረጥ፣ በቦታው አበባ ይተከል፣ ከተማ ከተማ ይምሰል። ሕግ አለው ወይ ብትዪ፣ የለውም። ጃንሆይም አላዘዙ፣ ጠቅላይ ግዛቱም አላዘዘ። ሹሙ አዘዘ።

አንቺ የጤፍ አገር ልጅ ነሽና ምን እንደሆነ ላይገባሽ ይችላል። እንሰት እንደ ጎመን ዛሬ ዘርተሽ ከርሞ ሳይደርስ የምትቀጥፊው አይደለም። ትተክይዋለሽ፣ ነቅለሽ ታዛውሪዋለሽ፣ እንደገና ታዛውሪዋለሽ፣ ልጅ ተወልዶ ከብት መጠበቅ እስኪጀምር ትጠብቂዋለሽ። ሳይደርስ ከተቆረጠ የበግ መኖ ነው። ሁሉም ደርሶ ቢሆን እንኳ ባንድ ጊዜ ፍቀሽ፣ ቆጮ እስኪሆን የት ትቀብሪዋለሽ?

ጣቢታን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ በጸሎት ቤት ድምጿ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ባልቴት። ባሏ ሲሞት ለሷና ለልጆቿ የተወላቸው መንገድ ዳር ያለውን ያንን እንሰት ብቻ ነው። ወደ ኋላ የምትሸሽግበት ጓሮ የላትም። ለሹሙ ነገሩ የከተማ መልክ ነበር፤ ለሷ የልጆቿ ምሳና ራት።

መጀመሪያ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። መምህር ኤሊያስ ቤቱን ከፈተላቸው፤ እስላሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም መጣ። ያ የምነግርሽ ሰውም መጣ። መጣ ብቻ? ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። አንድም ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ደግ ቃልም እንደዚያው ... ዝም ብሎ ይሰማል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? የሱ እውነትም ወርቅ ነበር፤ ቀለበቱ የማን ጣት ላይ እንደገባ ግን ሹሙን መጠየቅ ነው።

ሹሙም ቢሆን ምስጋና አይነፈገውም፤ ለካ ነቢይ ኖሯል። ኤሊያስ ቤት ማታ የተባለውን ጠዋት ያውቀዋል። ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተቆጣ፣ ማን ‘ሆሳዕና ድረስ ሄደን አቤት እንበል’ እንዳለ። ኤሊያስን አስጠርቶ የገዛ ቃሉን አንድ ሳይጎድል አነበነበለትና እስር ቤት አሳደረው። ጣቢታም በዚያ ስብሰባ በር ላይ ቆማ፣ ዘበኞቹ ከመጡ ከእንሰቷ ፊት ለፊት እንደምትቆም ተናግራ ነበር። በማግሥቱ ዘበኞቹ ከሷ ደጅ ጀመሩ፤ ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን በሯ አጠገብ የነበሩትን ቆራርጠው ጣሏቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ ከባልቴት ደጃፍ ደግሞ እንሰት።

ታዲያ ሊያጽናናት ቀድሞ የደረሰ ማን ይመስልሻል? አዎ። አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። የሰው ኀዘን እንዲህ የሚገባው ሰው ስንት አለ? ሲሄድም ከተቆረጠው አንድ ሸክም ለበጎቹ ይዞ ሄደ። ምን ያድርግ ... ይበላሽ?

ከዚያ በኋላ ወንዶቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ሁሉም ሁሉን ጠረጠረ፤ እሱን ግን ማንም አልጠረጠረም፣ ምክንያቱም ሲያለቅስ ታይቷል። ስብሰባውም ፈረሰ። ይኼኔ ነው የሴቶቹ ታላቅ እማማ ገነቴ ነገሩን ለሴቶች ይተውልን ያሉት።

የአገሩን ወግ ገና አልነገሩሽ ይሆናል። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ባልም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን አይደርስም፤ ነውር ነው። መንገዱ በዚያ የሆነ እንደሆነ እንኳ ዞሮ ይሄዳል። ሴቶቹ ደግሞ አንድ ቀን እዚህ ጓሮ፣ ሌላ ቀን እዚያ ጓሮ፣ በወረፋ ሲተጋገዙ ይውላሉ። ከዚህ የተሻለ ሸንጎ ከየት ይገኛል? መፋቂያ ቀርከሃቸውን ይዘው እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ እየፋቁ መከሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? በኛ አገር በእንሰት ቃጫ ነው።

ሹሙ በድንገት ነቢይነቱ ጠፋበት። በጠዋት የሚያውቀው ነገር አጣ። ያ ደግ ሰውም ከሳ። ለሕዝብ የሚያስብ ሰው እንዲህ ነው፤ ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ካላወቀ እህል አይወርድለትም።

አንድ ቀን ጣቢታ እንሰት ውስጥ እየፋቁ ሳሉ፣ ከሴቶቹ አንዷ ጵርስቅላ ከፍቁ የወጣውን ጭማቂ ልትደፋ ቀና ስትል ከኮባው ቅጠል ሥር ጫማ አየች። በቀለም ያበራ ጫማ። በዚያን ጊዜ በከተማው ጫማውን በየዕለቱ የሚያስጠርግ ከሹሙ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር ... ማን እንደሆነ ረሳሁት፤ እርጅና ክፉ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። በኛ ከተማ እንሰትም ጆሮ አለው፤ ጆሮውም ጫማ ያደርጋል።

ጵርስቅላ አልጮኸችም። ተመልሳ ለእማማ ገነቴ በዓይኗ አሳየቻቸው። እሳቸው ደግሞ እንደምታውቂያቸው ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ገዥው በሚመጡበት ዋዜማ ጀምረን ሁላችንም ከከተማው ውጭ ድልድዩ ላይ እንደር፣ እዚያ መኪናቸው ፊት እንተኛ አሉ። ሌሎቹም ነገሩ ገብቷቸው፣ አንዷ ስንቅ አመጣለሁ፣ ሌላዋ ከአንጋጫ ዘመዶቼን እጠራለሁ፣ ሌላዋ ከሞርሲቶ አለች። ከሞርሲቶ! የመንገዱን ርቀት ለሚያውቅ ሰው፣ ቀልድ መሆኑን ለመረዳት ይህ ብቻ በቂ ነበር። እሱ ግን አመነ። ንጹሕ ልብ ሁሉን ያምናል።

በመጨረሻ ጵርስቅላ ዶሮ የምታባርር መስላ፣ እንስራ ሙሉውን ጭማቂ በቅጠሉ ላይ ቸለሰችው። ታምኛለሽ? ሳል እንኳ አላለም። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ነበር። ትዕግሥት ማለት ያ ነው! ... ኧረ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ሳቂ፤ አንባቢ እንረብሻለን። ገጹን ካገላበጡ ቆዩ፤ ከባድ ቦታ ላይ የደረሱ ይመስለኛል።

እናም ዋዜማው ደረሰ። እንሰቱን ሊቆርጡ የተመደቡት እነዚያው ዘበኞች ነበሩ፤ ሹሙ ግን ሁሉንም ሰብስቦ ድልድዩን እንዲጠብቁ ላካቸው። ቆራጭ ጠፋ። ዘበኞቹ ማንም ያልመጣበትን ድልድይ በብርድ ሲጠብቁ አደሩ። ሲነጋ የገዥው ላንድሮቨር መጣ፤ ዘበኞቹ ተሰልፈው እጅ ነሡ፤ መኪናው አልፎ ከተማ ገባ። ከተማው ውስጥ ሴቱ ሁሉ በየደጁ፣ እያንዳንዷ ከእንሰቷ ሥር ቆማለች። አንድ ዘበኛ የለ የሚበትናቸው። እማማ ገነቴ ‘አቤት!’ አሉ። መንገዱ ሁሉ ተቀበላቸው።

ገዥው መኪናቸውን አስቆሙ። ያስቆሙት እንደ ዕድል ሆኖ ያ የተቆረጠው ጉቶ በሚታይበት፣ ጣቢታ ደጅ ነው። ምን ሆናችሁ አሉ። ጣቢታ አማርኛዋ ይሰበራል፣ ያን ቀን ግን ቀጥ አለ።

“ጌታዬ፣ ይህ ጌጥ አይደለም፣ አረምም አይደለም። ልጆቼ ከርሞ የሚበሉት ነው። ለከተማው መልክ ይቆረጥ ተባልን። ልጆቼ ተርበው መንገድ ዳር ሲቆሙ ከተማው መልኩ ያምር እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።”

ገዥው ወደ ሹሙ ዞሩ። ሹሙ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ነው ይቆረጥ ያለው አለና ምስክር ፍለጋ ዓይኑን አዟዟረ። ዓይኑ ያ ሰው ላይ አረፈ። ወዳጅነታቸው የአንድ ሁለት ቀን አይደለም፤ ብዙ ጠዋት አብረው አሳልፈዋል ... ስለ ከተማው መልክ ሲወያዩ ይሆናላ። ያ ሰው ሹሙን አየ፣ ገዥውን አየ፣ ነፋሱን አየ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ሁለት ቤት የበላስ ወዴት ዞሮ ይጩኽ? እንደሌላው ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እሱ ግን የተማረ ነው። ወደ ፊት ወጣና ኮቱን ከፈተ፤ ውስጥ ያለው ነጭ ሸሚዝ ከአንገቱ እስከ ወገቡ የእንሰት ጭማቂ ጠጥቷል። ያ ነገር ልብስ ላይ ካረፈ በሳሙናም አይለቅም።

“ጌታዬ፣ ከእነዚህ እናቶች ጎን ያልተለየሁ እኔ ነኝ። ሲፍቁ እንኳ አብሬያቸው ነበርኩ፤ ይኸው ሸሚዜ ይመስክር።”

ገዥው የሰሜን ሰው ናቸው፤ ወጉን ከየት ያውቁታል? ደስ አላቸው። እጁን ጨብጠው የሕዝብ ልጅ ነህ አሉት። ለሹሙም በሰው ፊት፣ እህል አይቆረጥም ብለው አዘዙ። ነገሩ አለቀ። እንሰቱ ይኸው ቆሟል።

ሕዝቡ ግን ... እንዴት ልንገርሽ? ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። የሚስቱ እናት ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ አወረደችው። ወንድ ልጅ በአደባባይ፣ በገዛ አፉ፣ ሴቶች ሲፍቁ አብሬ ነበርኩ አለ! ወንጀሉን ልናጋልጥ ስንት ቀን ስንመክር፣ እሱ ራሱ እንዲህ ገላገለን። ደግ ሰው ሌላውን አያደክምም።

ከዚያ ወዲህ ክብሩ ወደር የለውም። ወንዶቹ ለሸንጎ ሲቀመጡ ሰፊ ቦታ ይለቁለታል፤ ግራና ቀኙን ማንም አይነካበትም። ሴቶቹም አልረሱትም፤ ጣቢታ ልትፍቅ የተነሣች እንደሆነ ‘ወንድማችን ዛሬ አይመጣም?’ ብላ ትልክበታለች። እሱም ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እንዴት አድርጎ እንሰቱን እንዳዳነ ለእንግዳ ሁሉ ያወራል። ለእንግዳ ብቻ፤ የአገሩን ሰው ማድከም አይወድም።

ሰሞኑን እናንተ ቤትም ብቅ ማለት ጀምሯል አሉ? ባልሽና ጓደኞቹ መምህራን ማታ ስለ መሬቱም ስለ ግብሩም ሲጫወቱ፣ ጥግ ይዞ ይሰማል አሉ? ... እሰይ። የታደለ ቤት ነው። ብቻ ባልሽን ንገሪው፤ ያ ሰው በሽተኛ ነው፣ ብዙ ቁም ነገር ባንድ ማታ ከሰማ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ጠዋት ተነሥቶ ካልተነፈሰው አይሻለውም።

እንዴ፣ ጌታው ሊሄዱ ነው? ፀሐዩ ሳይበርድ? ... ደህና ይግቡ፤ ቤቱን ሰላም ይበሉልን። ... አየሽ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ናቸው? ጋዜጣውን እንኳ ለረሻድ ትተውለት ሄዱ።

እኛም እንነሣ። ግን የሰው ውለታ አንስቶ ሳይመርቁ መነሣት ነውር ነው፤ እጅሽን ዘርጊና አሜን በይ። ያንን ለእንሰታችን የቆመልንን ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቤቱ አይጉደል፣ በሩ አይዘጋ። ሸምግሎ ብቻውን በቀረ ጊዜ፣ ምሥጢሩን የሚያወጋው ሰው በናፈቀው ጊዜ፣ እግዜር እሱን የመሰለ ወዳጅ አያሳጣው።