ሔለን ሳትተረጉም ያስቀረችው

በስደት በምንኖርባት በቤድፎርድ ከተማ ባለው አዳራሽ የሐበሻ ልጆቻችን ቲያትር ሲያልቅ ግማሹ ተመልካች ቆሞ አጨበጨበ፤ ግማሹ ፊቱን አኮሳትሮ ወጣ። ቲያትሩ ሆስፒታል ውስጥ ለወላጆቿ ከእንግሊዝኛ ስለምታስተረጉም ልጅ ነበር፤ መልእክቱም ልጆቻችሁን ትታችሁ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ የሚል ነው። እኔ ከአጨብጫቢዎቹ ወገን ነኝ። ወደ መኪናዬ ስሄድ ሽማግሌያችን አቶ ወልደ ሥላሴ አዘጋጇን፣ ነርሷን የትምወርቅን አስቁመው ሲቆጧት ደረስኩ። በቲያትሩ አስተርጓሚዋን ሆና የተጫወተችው የልጅ ልጃቸው ሔለን አጠገባቸው አንገቷን ደፍታለች።

«ገመናችንን አደባባይ አወጣችሁት! በሚቀጥለው እሑድ ፎርት ዎርዝ ከተማ አይታይም። ለማኅበራችን ኮሚቴ እነግራለሁ!»

ኮሚቴው ደግሞ እሳቸው ካሉት ዝንፍ አይልም። የልጆቹ ልፋት ገደል ሊገባ ነው ብዬ ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያስቀየመዎት የቱ ነው?» አለች የትምወርቅ።

«ልጅ ለቤተሰቡ ቢያስተረጉም ምን ነውር አለው? በሽታዬን ለማላውቀው ሐበሻ ልዘርዝርለት? ነገ ወሬዬ ግሬፕቫይን ከተማ ድረስ ይደርሳል!»

«አስተርጓሚ የሰማውን እንዳያወራ ሕግ ያስረዋል። በስልክ ከሆነ ደግሞ መልክዎን እንኳ አያየውም፤ ሆስፒታሉ በነጻ ነው የሚያቀርበው። ልጅ ግን የከበደውን ነገር ይዘለዋል፤ ወይ አይገባውም፣ ወይ ስለሚወድዎት ይሳሳልዎታል።»

«የእኔዋ አትዘልም! እስቲ ንገሪያት፣ ሔለን።»

ልጅቷ ጫማዋን እያየች ተናገረች።

«ማለቴ... አባባ፣ ያኔ ሆስፒታል ስንሄድ ዶክተሩ ኪድኒህ እየደከመ ነው አለ። የጉልበት ሕመምህን ኪኒን ስቶፕ አድርግ አለ። እኔ ስኬርድ ሆንኩ፣ ፈራሁ። ሶ ውሃ ጠጣ ብቻ አልኩህ።»

እኔ ስለ ዘመናዊ ሕክምና ጥቅም ዲስኩር ላሰማ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

ሽማግሌው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው?»

«አይህ ነበር። በየቀኑ ስትውጠው...» ብላ አለቀሰች። ደረታቸው ላይ አስጠጓት። እኔም ዕንባዬ መጣ።

ሰኞ አቶ ወልደ ሥላሴ በስልክ አስተርጓሚ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ኩላሊታቸውም ገና በእንክብካቤ የሚቆይ ሆኖ ተገኘ። ሔለን በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤቷ ኳስ ትጫወት ነበር።

እሑድ ፎርት ዎርዝ፣ መጋረጃው ሳይገለጥ መድረኩ ላይ የወጡት እሳቸው ናቸው።

«ያፈርኩት በቲያትሩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «የሚያሳፍረው ግን የእኔን ሞት ለዚህች ሕፃን ማሸከሜ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። እናንተ በሽታችሁን በትክክል ታውቃላችሁ፣ ልጆቻችሁም እንቅልፋቸውን ይተኛሉ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠች እናት ግን አላጨበጨበችም፤ ወደ ልጇ ዞራ፣ «አንተስ ምን አስቀርተህብኛል?» አለችው።

ልጁም መናገር ጀመረ።