ግድግዳ የሚያንኳኳው ሰው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የማዘጋጃ ቤት ባልደረቦቼ፤ ፀሐዩን ችላችሁ ስለቆማችሁለት እግዜር ይስጥልኝ።

የከተማችንን ሥራ አስኪያጅ ልንሸኝ ነው የመጣነው። እኛ «አንቀጽ» ነበር የምንለው። መንገድ እንቆፍር ስንለው፣ «ሕጉ ምን ይላል?» ሻይ እንጠጣ ስንለው፣ «ሕጉ ምን ይላል?» ሳቃችሁ አይደል? እሱም ይስቅ ነበር። ከዚያ ግድግዳ በፊት።

ያን ግድግዳ ታስታውሱታላችሁ? ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ወደ እግረኛው መንገድ ያጋደለውን። እኔ መሐንዲሱ «ይፍረስ» ብዬ ፈረምኩ። ሕጉ ምን ይላል? ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው፤ የይግባኙ ጊዜ ሳያልቅ የሰው ንብረት አይነካም። ደግ ሕግ ነው፤ ነገ የኛም ቤት ነው። አንቀጽ ገመድ አስወጥሮ ጠበቀ። ዝናቡ ግን አልጠበቀም። አንዲት ልብስ ሰፊ ዣንጥላዋን ይዛ በገመዱ ሥር ሾልካ ስታልፍ፣ ግድግዳው ወረደባት፤ ሞተች።

መርማሪዎች መጡ። «ሕግ አልጣሰም፤ ነፃ ነው» አሉ። ነፃ! እስቲ ንገሩኝ፣ ነፃ የወጣ ሰው እንዲያ ይሆናል? ከዚያ ወዲያ የገባበትን ቤት ግድግዳ ሁሉ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ስብሰባ ላይ። ሠርግ ቤት። የእኔ መኝታ ቤት ሳይቀር! «ምን ይሰማሃል?» አልኩት። «እሷ» አለኝ።

ከሕጉ ግን አልሸሸም። ምክር ቤቱን ደጅ ጠና፤ አደጋው ካፈጠጠ፣ መሐንዲስም ካረጋገጠ፣ መጀመሪያ ይፍረስ፣ ክርክሩ በኋላ ይድረስ አለ። «ሥልጣን አማረህ» አሉት። «ከተሳሳትኩ ባለቤቱ እኔን ይክሰሰኝ፤ እሱንም ጻፉበት» አላቸው። ጻፉበት። በአዲሱ ሕግ መጀመሪያ ያፈረሰው የማንን አጥር ነው? የራሱን! ይቺው ሚስቱ፣ «ይግባኝ እላለሁ» ብላ ስንቱን አሳቀችን።

የልብስ ሰፊዋ እናት ግን በራቸውን አልከፈቱለትም። ስንት ጊዜ ተመላለሰ! እማማ፣ እዚህ እንዳሉ አይቻለሁ፤ ይፍቀዱልኝና ልናገረው። ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ግን መጡ። እሱ በዛለ ጣቱ አልጋው አጠገብ ያለውን ግድግዳ ያንኳኳል። እጁን ያዙት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አንኳኩ፤ አዳመጡ።

«ደህና ነው፤ አይወድቅም። ተኛ ልጄ» አሉት።

ተኛ። በዚያው አልነቃም።

ወንድሜ አንቀጽ፣ ዛሬ ወደዚህ ስመጣ እጄ አላርፍ ብሎኝ በየአጥሩ እያንኳኳሁ ነው የመጣሁት። ነገ አጋድሏል የተባለውን የትምህርት ቤቱን አጥር የማዳምጠው እኔ ነኝ፤ ፈርቻለሁ። አንተ ግን ጆሮህን አሳርፈው። ደህና ሁን። ተኛ።