ለዘይነባ ናሙና የሚሰጠው ማን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የአምሳ ዓመት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ማፈር አለበት፣ እኔም እያፈርኩ ነው የማወራው። እህቴ ዘይነባ ለካንሰሯ ሐረር እየተመላለሰች የጨረር ሕክምና ስትከታተል ሆዷ አላስቀምጥ አላት። አምስት ቀን ሲቀራት «የሐረር ሚኒባስ ላይ ተዋርጄ ከምሞት ቤቴ ልሙት!» ብላ እምቢ አለች። ሐኪሟ ደወለ። ጨረሩ ጥሩዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም እንደሚጎዳ፣ ሆዷን የሚያስታግስ መድኃኒት እንዳለ ነገረን፤ ከእሷ ጋር ለማወዳደርም ከሚቀርባት ጤነኛ ሰው የሰገራ ናሙና ጠየቀ።

«ታላቅ ወንድሟ እያለሁ ማን ይቀድመኛል?» ብዬ ተነሣሁ።

«አቦ ተወና!» አለ ባሏ አብዲ። «አሥራ ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ አብሬያት የበላሁት እኔ! አንተ ለዓረፋ ብቻ ትመጣለህ።»

«የደም ጉዳይ ነው!»

«ሐኪሙ መች ደም ጠየቀ?»

ነገሩ ከረረና ሽማግሌ ጠራን። የእነዘይነባ ጎረቤት ጋሽ ተስፋዬ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሁለታችንንም በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጆቼ፣ በዕድሜ ከሆነ እኔ እቀድማለሁ። ሆዴም ታሞ አያውቅ» አሉ።

ዘይነባ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እየሳቀችም ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። ከዚያው ሆና ጮኸች፦ «ነገ ሐረር እሄዳለሁ! ሦስታችሁም ይዛችሁ ኑ፣ ሐኪሙ ይፍረድ!»

አምስቱንም ቀን ጨረሰች፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ ግን አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት፤ በተለይ ቀፊራ ገበያ። ሐኪሙ የመረጠው የጋሽ ተስፋዬን ነው።